ትኬቱን እህቴ ቆርጣዋለች፤ ውሳኔውስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የ8 ዓመት ሴት ልጅ፣ ዘንድሮ ኪንደርጋርተን የሚጀምር ወንድ ልጅ፣ የ5 ወር ሕፃን። ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ ሁለት ልጆቿን ሆምስኩል ማድረግ (ትምህርት ቤት ሳትልክ ቤት ውስጥ ማስተማር) ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሜይ ውስጥ፣ ሪችመንድ አንድ ሆቴል ውስጥ ሆምስኩል ለሚያደርጉ እናቶች ብቻ የተዘጋጀ ኮንፈረንስ አለ። አርብ ማታ ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ያልቃል። ጡት ከሚጠባ ሕፃን በቀር ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም። እህቴ ሳትጠይቀኝ የሁለታችንንም ትኬት ቆርጣለች፣ ሆቴሉንም ይዛለች። «ከዚያ ስንመለስ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ታስወጫታለሽ» ትለኛለች።

እኔ ገና አልወሰንኩም። ልጄ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ትላለች፤ ንባቧም ከክፍሏ ዝቅ ያለ ነው ብለውኛል። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ግን የቤታችን የጤና ኢንሹራንስ በእኔ ሥራ ነው፤ ባለቤቴ ኡበር ነው የሚነዳው። እሱ «ሂጂ፣ ግን ወስነሽ እንዳትመጪ» ብሎኛል። እናታችን ደግሞ «ልጅ ተማሪ ቤት ካልሄደ ምኑን ተማረ?» ትላለች። ከአገር ቤት ስመጣ አንድ ዓመት ሙሉ የኖርኩት እህቴ ቤት ነው። እምቢ ብላት ውለታዋን የረሳሁ ይመስለኛል፤ ከሄድኩ ደግሞ እሺ ያልኩ ይመስላታል። ምን ይሻለኛል?

ለ. ከአሌክሳንድርያ

መልስ፦ ውድ ለ.፣ እህትሽ ሁለት ነገር በአንድ ትኬት ቆርጣብሻለች። አንዱ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሌላው የልጆችሽ ትምህርትና የቤታችሁ ገቢ ነው። እኔ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ግን ሁለቱን ነገር ሳትለዪ መኪና ውስጥ እንዳትገቢ።

መጀመሪያ ስለ እህትሽ። አራት ዓመት ሙሉ ክርስትናም ሰርግም ለቅሶም ቤት በሄደች ቁጥር «ልጆቹ ለምን ተማሪ ቤት አይሄዱም?» እየተባለች የኖረች ይመስለኛል። ከሐበሻ መሃል ሆምስኩል የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ ብቻዋን ናት። በዚያ ላይ ነገሩ ለእናታችሁም ጥሩ አይመስላቸውም። አንቺን እንዲህ የምትጎትትሽ ስለ ልጅሽ አስባ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ አጠገቧ የምትቆም አንዲት የራሷ ሰው ፈልጋም ይሆናል። በእነዚህ አራት ዓመታት ምኑ እንደከበዳት ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ጥቅሙን ሳይሆን የከበዳትን። ካልጠየቅሻት፣ ከየትኛውም ተናጋሪ በፊት መስማት ያለብሽ ያንን ነው።

ውለታውን በተመለከተ፣ እሷ ቤት ያረፍሽበት ዓመት በልጅሽ ትምህርት የሚመለስ ብድር አይደለም። እህትሽም እንዲያ ብላ የጠየቀችሽ አይመስለኝም፤ ይህን ያሰብሽው አንቺ ነሽ። መመለስ ካስፈለገሽ የሆቴሉን ሂሳብ አንቺ ክፈይ፣ ነዳጁንም አንቺ ሙዪ። እንዲያ ካደረግሽ እንደ ተጋባዥ ሳይሆን እንደ እህት ነው የምትሄጂው።

ከዚያ በዚህ ሳምንት ደውዪላት። በቴክስት አይሆንም፤ «ገና አልወሰንኩም» የሚለው ቃል ጽሑፍ ላይ «አልፈልግም» ተብሎ ይነበባል። እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ «እቴቴ፣ እሄዳለሁ። ካንቺ ጋር ሁለት ቀን መሆን ናፍቆኛል። ልጅቷን የማስወጣቱን ነገር ግን ከአባቷ ጋር ነው የምጨርሰው፤ ከጁላይ መጨረሻ በፊት መልስ የለኝም። እስከዚያ አትጠይቂኝ፤ ስወስን መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው።» ዝም ካለች ዝም ትበል፤ ዝምታውን ለመሙላት ብለሽ «ምናልባት ግን…» ብለሽ አትጀምሪ። ቅር ብሏት «እንግዲያ ለምን ትሄጃለሽ?» ካለችም አሁን ማወቁ ይሻላል። አምስት ሳምንት ሲቀረው ትኬቱን ወደ ሌላ ሰው ስም ለማዛወር ጊዜ አለ፤ አርብ ጠዋት ላይ ግን የለም። ትኬቱ ይዛወር እንደሆነ፣ ሆቴሉ እስከ መቼ ያለ ቅጣት እንደሚሰረዝ ሁለታችሁም ዛሬውኑ እዩት።

አሁን ወደ ኮንፈረንሱ እንምጣ። የእናቶች ኮንፈረንስ የሚዘጋጀው በአብዛኛው ከወሰነች በኋላ ለደከማት እናት ነው። መዝሙር አለ፣ ጸሎት አለ፣ እንባ አለ፤ መድረክ ላይ የምትወጣዋ ሴት ልጆቿን ያሳደገች፣ አፏ የሚጣፍጥ ናት። ይህ ለእህትሽ ምግብ ነው። ላንቺ ግን አደጋ አለው፤ በ5 ወር ሕፃን እንቅልፍ ያጣች እናት ቅዳሜ ማታ ልቧ ተነክቶ የምትሰጠው ቃል ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ስለ ሕግና ስለ መጻሕፍት ማጣራት ከሆነ ሐሳብሽ፣ ትልልቆቹ የስቴት ጉባኤዎች ይሻላሉ። የቨርጂኒያ የቤት አስተማሪዎች ማኅበር በየዓመቱ ጁን ላይ እዚያው ሪችመንድ ትልቅ ጉባኤ አለው፤ አሳታሚዎች መጻሕፍታቸውን ዘርግተው ስለሚቆሙ ገልጠሽ ታያለሽ፣ ባልሽም አብሮሽ መግባት ይችላል። አዘጋጆቹ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች መሆናቸውን ግን ልብ በይ። በተለይ የሳይንስና የሃይማኖት መጻሕፍቱን፣ ቤታችሁ ከምታስተምሩት ጋር ይስማሙ እንደሆነ ጥቂት ገጽ ሳታነቢ አትግዢ።

ከእህትሽ የምትሰሚውን ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ማጣራት አለብሽ፤ እሷ የምታውቀው ሕግ የሜሪላንድ ነው። እዚያ ወላጅ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ ያሳውቃል፤ ከዚያ የልጁን ሥራ በፖርትፎሊዮ ሰብስቦ ያስቀምጣል፣ ካውንቲውም በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ያየዋል፤ ወይም «አምብሬላ» በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ወይም የግል ትምህርት ቤት ሥር ይገባል። ያንቺ ቨርጂኒያ እንዲህ አይሠራም። አንቺ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለትምህርት ወረዳው ኃላፊ (ሱፐርኢንቴንደንት) ቤት ልታስተምሪ ማሰብሽን የሚያሳውቅ ደብዳቤ (ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንት) ትልኪያለሽ፤ የምታስተምሪያቸውን ትምህርቶች ዝርዝርና የማስተማር ብቃትሽን የሚያሳይ ማስረጃ ታያይዣለሽ። ቀላሉ ማስረጃ የሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም ከዚያ በላይ ያለ የትምህርት ማስረጃ ነው። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጅቷ መሻሻሏን ታሳያለሽ፤ ወይ በአገር አቀፍ ደረጃ በተመዘነ ፈተና አጠቃላይ ውጤቷ 4ኛው ስታናይን ላይ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ወይ የማስተማር ፈቃድ ያለው መምህር ወይም ማስተርስ ያለው ሰው አይቷት ደብዳቤ ይጽፋል። ስታናይን ውጤትን ከ1 እስከ 9 የሚያስቀምጥ መለኪያ ነው፤ 4ኛው የሚጀምረው ከ23ኛው ፐርሰንታይል ነው፣ ማለትም ከመቶ ተፈታኝ ሃያ ሦስቱን ያህል ከበለጠች ይበቃታል፤ ንባቧ ትንሽ ዝቅ ላለ ልጅም ቢሆን የማይደረስበት ከፍታ አይደለም። ውጤቷ ሳይሞላ ቢቀር እንኳ ሱፐርኢንቴንደንቱ የማሻሻያ ዕቅድ ተቀብሎ የአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህ «ስንመለስ ታስወጫታለሽ» የሚለው ከጊዜው ጋርም አይገጥምም። ሜይ ላይ የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ነው የሚቀረው። በዓመቱ መሃል ማስወጣት ይቻላል፤ ግን ወዲያው ማሳወቅና ወረቀቱን በ30 ቀን ውስጥ ማሟላት ይጠይቃል። ልጅቷ ላይ ጉዳት እየደረሰ ካልሆነ በቀር ይህን ጥድፊያ በራስሽ ላይ የምታመጪበት ምክንያት አይታየኝም። ከኮንፈረንሱ እስከ ኦገስት 15 ሦስት ወር አለሽ። ኪንደርጋርተን የሚጀምረውም ልጅ ቢሆን እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት ከሞላው የትምህርት ግዴታ ውስጥ ይገባል፤ ሆኖም ገና አልደረሰም ብላችሁ ካመናችሁ ለትምህርት ቦርዱ በጽሑፍ አሳውቃችሁ አንድ ዓመት ማቆየት ትችላላችሁ። ሁለቱን ልጆች በአንድ ቀን መወሰን አይጠበቅብሽም።

ስለ ሴት ልጅሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሰኞ የሆድ ሕመሟ ከየት ነው የሚመጣው? ከንባብ ሰዓት ነው? ከምሳ ሰዓት? ከአንዲት ልጅ? መልሱን ሳናውቅ ሆምስኩል መፍትሔ ነው ማለት አይቻልም። ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ፀጉሯን እየሠራሽላት፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ጠይቂያት፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቀመጡ ነው የሚናገሩት። ንባቧን በተመለከተ ደግሞ ከመውጣቷ በፊት ከትምህርት ቤቱ የሚገባትን ጠይቂ። የቨርጂኒያ የንባብ ሕግ ከ2024 የትምህርት ዓመት ጀምሮ በምዘና ከሚጠበቀው በታች ለሆነ ልጅ የግል የንባብ ዕቅድ እንዲወጣለት ያዛል። «የልጄን የንባብ ዕቅድና የምዘና ውጤቷን ላኩልኝ» ብለሽ በኢሜይል ጻፊ። የንባብ ችግር አለባት ብለሽ ከጠረጠርሽም ሙሉ ምርመራ እንዲደረግላት በጽሑፍ ጠይቂ፤ ጥያቄው ለሚመለከተው ኃላፊ ከደረሰ በኋላ 65 የሥራ ቀን አላቸው። ይህ ከመውጣቷ በፊት ቢሆን የሚሻለው፣ ቤት ለሚማር ልጅ ምርመራው ባይቀርም ድጋፉ እንደ ትምህርት ቤቱ ልጅ ስለማይሆን ነው። ወረቀቱ ብታስወጫትም ይጠቅምሻል፤ ከየት እንደምትጀምሪ ይነግርሻል።

አማርኛውን ለብቻው እዪው፤ አማርኛ ለማስተማር ልጅ ከትምህርት ቤት ማውጣት አያስፈልግም። ከራት በፊት ሃያ ደቂቃ፣ በቀን አንድ የፊደል ረድፍ ከነሰባቱ፣ ከዚያ በዚያ ፊደል የሚጀምር የቤት ዕቃ ማምጣት። 33ቱ ረድፍ በቀን አንድ ቢባል አምስት ሳምንት እንኳ አይፈጅም። በእንግሊዝኛ ስትመልስልሽ «አልገባኝም» ማለት ቀርቶ የተናገረችውን በአማርኛ ደግመሽላት ወሬውን መቀጠል ይሻላል፤ መቆጣት አፏን ያዘጋታል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ኢንሹራንሱ ነው። ኮንፈረንሱ ላይ ማንም አያነሳልሽም። እህትሽን በቀጥታ ጠይቂያት፦ የእነሱ ኢንሹራንስ በማን ነው? በባሏ ሥራ ከሆነ የእሷ ኑሮ ላንቺ ቤት አይገጥምም፤ ይህም የማንም ጥፋት አይደለም። ሥራ ብትለቂ በ60 ቀን ውስጥ በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ማርኬትፕሌስ መመዝገብ ትችያለሽ፤ ገቢያችሁ ከወረደ ልጆቹ ለሜዲኬይድ ወይም ለፋሚስ (የቨርጂኒያ የልጆች ጤና ኢንሹራንስ) ይደርሱ ይሆናል። ኮብራም አለ፣ ሥራ ከለቀቅሽ በኋላ የአሠሪሽን ኢንሹራንስ ይዘሽ የምትቆዪበት ነው፤ በአብዛኛው እስከ 18 ወር ያቆያል፣ ግን አሠሪሽ የሚከፍለውንም ድርሻ አንቺ ስለምትከፍዪ ዋጋው ያስደነግጣል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ከባለቤትሽ ጋር ከመሄድሽ በፊት አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ሌላም መንገድ አለ። የኡበር ሰዓት እንደፈለጉ የሚያዙት ነው፤ የ8 ዓመት ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትማር ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያስተምሯት በቀን ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃታል። ጠዋት አባቷ ቢያስተምራትስ? ሕጉ ስለ ወላጅ እንጂ ስለ እናት ብቻ አይናገርም። «ወስነሽ እንዳትመጪ» ያለሽ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ምን እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ።

ለምትሄዱበት ቀን ስለ መንገዱ ጥቂት ነገር። ከአሌክሳንድርያ ሪችመንድ መቶ ማይል ገደማ ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ከሁለት ሰዓት በታች። አርብ ከሰዓት ግን አውራ ጎዳናው፣ 95፣ ከስፕሪንግፊልድ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ይዘጋል። እኩለ ቀን ከመሆኑ በፊት ተነሱ፤ እህትሽ ቤልትዌዩን ዞራ መምጣት ስላለባት ቀጠሮውን ከጠዋቱ አድርጉት። ኢዚፓስ ፍሌክስ (መኪና ውስጥ የሚቀመጠው የመንገድ ክፍያ መሣሪያ) ካላችሁ የሚከፈልበትን ኤክስፕረስ ሌን በነፃ ለመጠቀም ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ደስ የሚለው፣ ሕፃኑም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። ሁለቱን ትልልቅ ልጆች አርብ ማታ ማን እንደሚይዝ አሁኑኑ ቁረጡ። ባለቤትሽ አርብ ማታ ጥሩ የሚሠራበት ሰዓት ከሆነ ያ ቀን ገንዘብ እንደሚያጎድል አብራችሁ ቁጠሩት እንጂ በኋላ ቅሬታ ሆኖ እንዳይመጣ።

ለሆቴሉ ደውላችሁ ሁለት አልጋ ያለው ክፍልና የሕፃን አልጋ እንዲያዝላችሁ አድርጉ፤ ሆቴሉ ያሉት የሕፃን አልጋዎች ጥቂት ስለሆኑ መጨረሻ ላይ የጠየቀ አያገኝም። አዳራሹ ውስጥ ጋሪ ከወንበር ወንበር አያልፍም፤ ሕፃኑን ማዘያ ይሻላል፣ ከአገር ቤት የመጣው አንቀልባም ቢሆን። በር አጠገብ፣ የረድፉ ጫፍ ላይ ተቀመጪ። ሌሊት ሕፃኑ ሲነሳ እህትሽም ትነሳለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ሁለታችሁም እንቅልፍ ያጣችሁ ትሆናላችሁ፤ ጥልም የሚነሳው ያኔ ነው። ከምሳ በኋላ ያለውን አንዱን ክፍለ ጊዜ ዝለዪና ክፍልሽ ገብተሽ ከሕፃኑ ጋር ተኚ። ትኬቱ አያሳዝንሽ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታየኛል። የምሳ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ሴት «ስንት ዓመት አስተማርሽ?» ትልሻለች፤ አንቺ አፍሽን ሳትከፍቺ እህትሽ «ዘንድሮ ትጀምራለች!» ትላለች። ያኔ ፈገግ ብለሽ «ገና እያየሁ ነው» በይ፤ እህትሽን ሰው ፊት አታርሚያት፣ ማታ ክፍላችሁ ስትገቡ ግን የስልኩን ቃል አስታውሻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እናቶች እነዚህን ጠይቂያቸው፦ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ሠራችሁ? ምን ገዝታችሁ ሳትጠቀሙበት ቀረ? ቤታችሁ ውስጥ ገቢ የሚያመጣው ማነው? «ሆምስኩል እንዴት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ ስብከት ትሰሚያለሽ፤ ስለ ማክሰኞ ከጠየቅሽ ግን እውነቱ ይወጣል። ክፍለ ጊዜዎቹ ተደራራቢ ከሆኑ እህትሽ አንዱ ጋ፣ አንቺ ሌላው ጋ ግቡና ማታ ተለዋወጡ፤ ለብቻሽ መስማትሽም በራሱ ጥቅም አለው።

መጽሐፍ የሚሸጥ ከሆነ ምንም አትግዢ። «ዛሬ ብቻ ቅናሽ» ይሉሻል። ሙሉ የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ክፍል የመጻሕፍት ሳጥን ገዝቶ ልጁ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ የሚያስፈልገው ሆኖ መገኘት በየዓመቱ የሚሠራ ስህተት ነው። ሂሳብ ላይ በተለይ የመጽሐፉ ቁጥር ከክፍሏ ጋር ላይገጥም ይችላል። ሲንጋፖር ማዝና ሳክሰን የተባሉት የሂሳብ መጻሕፍት የመመደቢያ ፈተናቸውን በነፃ ይሰጣሉ፤ አትመሽ ቤት ውስጥ ፈትኛት። ስሙን ጽፈሽ የመጽሐፉን የመጀመሪያና የመሃል ገጽ ፎቶ አንሺ፣ ይበቃል።

ከተመለሳችሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት ምንም አትወስኚ። ትምህርት ሲዘጋ፣ ጁላይ ላይ፣ ሦስት ሳምንት ሞክሩት፤ በሳምንት አራት ጠዋት፣ አባቷ ወይም አንቺ፣ ከቤተ መጻሕፍት በተዋሳችሁት መጽሐፍ። ግማሽ ሰዓት ድምፅ አውጥታ ታንብብ፣ አርባ ደቂቃ ሂሳብ፣ ሃያ ደቂቃ አማርኛ፣ ቀሪው የጽሕፈት ይሁን። በየቀኑ አንድ መስመር ጻፉ፦ ማን አስተማረ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ማን አለቀሰ። በሦስተኛው ሳምንት አርብ ደብተሩን ከባለቤትሽ ጋር ክፈቱት፣ አጠገቡ የኢንሹራንሱን ወረቀት አስቀምጡ። መልሳችሁ እሺ ከሆነ ኦገስት 15 ሳይደርስ ኖቲሱን ላኩ። እምቢ ከሆነም ደውለሽ ለእህትሽ ንገሪያት፤ ያኔ የሚቀጥለውን ዓመት ኮንፈረንስ ትኬት አንቺ ቁረጪላት፣ የሁለታችሁንም።

ኢዚፓሱን ደግሞ መንገድ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው ለያዘ መኪና ወደሚሆነው) መቀየሩን እዩ። ካልተቀየረ ሕፃኑ መኪና ውስጥ ቢኖርም ያስከፍላችኋል።